ኩርፌን የጠራ ቁጥቋጦ

መምህርቷ ፀጉሯ የሸበተው ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቿን ከተክል ውስጥ ንጥረ ነገር ለይቶ ማውጣት ስታስተምር፣ እያንዳንዱ ቡድን በደጁ ያገኘውን ቅጠል አድርቆ ያመጣል። ይፈጩታል፣ ሜታኖል በሚባል አልኮል ውስጥ ይዘፈዝፉታል፣ ያጣሩታል። ከዚያ ፈሳሹን አትንነው የቀረውን ሙጫ መሳይ ነገር ነጭ ዱቄት በተሞላ ረጅም የመስታወት ቱቦ ያወርዱታል። ቢጫው ቀለም ይቀድማል፣ አረንጓዴው ወደ ኋላ ይጎተታል። «እንደ ሐሜት ነው፤ ቀላሉ ቶሎ ይደርሳል» ትላቸዋለች፤ ማርክ የሚፈልግ ሁሉ ይስቃል።

አንድ ዓመት አንዲት ዝምተኛ ተማሪ ከተከራየችበት ቤት ጓሮ የቆረጠችውን፣ ስሙን የማታውቀውን ቁጥቋጦ ይዛ መጣች። ከቱቦው ሥር ቀለም የሌለው ፈሳሽ ተንጠባጠበ፤ ሲደርቅ ብልቃጡን ከውስጥ እንደ ውርጭ ለበሰው። የቡድኑ ቀልደኛ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንስቶ እያየ፣

«ኩርፌ፣ ነይ እስኪ እዪው» አለ።

መምህርቷ ዞር አለች። አንቺ መባሏ ሳይሆን ስሙ ነው ያስደነገጣት። በትንሽ በትልቁ ስለምታኮርፍ በልጅነቷ እናቷ ያወጡላት ስም ነበር፤ ከእሳቸው በቀር የጠራት የለም፣ እሳቸው ከሞቱ ደግሞ ቆይቷል። ምን እንዳለ ጠየቀችው። መምህር ይዩት ነው ያልኩት ብሎ ድርቅ አለ፤ ጓደኞቹም የሰሙት ይህንኑ ነበር። ጆሮዬ ነው ብላ ልትተወው ስትል፣ ዝምተኛዋ ብልቃጡን ተቀብላ ክዳኑን እየገጠመች፣ የእሷ ባልሆነ የሰለለ ድምፅ፣

«ኩርፌ፣ ምሳ በላሽ?» አለቻት።

ልጅቷ ከአፏ የወጣውን አላወቀችውም። መምህርቷ ሌሎቹን አሰናብታ ቤቷ የት እንደሆነ ጠየቀቻት። ልጅቷ የነገረቻት፣ መምህርቷ ከእናቷ ሞት በኋላ መግባት አቅቷት የሸጠችውን ቤት ነበር።

በጠራራ ፀሐይ አብረው ሄዱ። አከራይዋ ልብስ ስታሰጣ አገኟት። ቁጥቋጦውን ማንም አልተከለውም አለች፤ ቤቱን ሲገዙ አልነበረም፣ በኋላ ከጓዳው መኝታ ክፍል መስኮት ሥር በራሱ ጊዜ ወጣ። ቢቆርጡት ያቆጠቁጣል፣ ቢነቅሉት ይመለሳል። ክፍሉ የመምህርቷ እናት ያረፉበት ነው።

መምህርቷ ጠጋ አለች። ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ነፋስ አልነበረም፤ ቅርንጫፎቹ ግን ቀስ ብለው ወደ እሷ ጎበጡ፣ አንዱም ጉንጯን ዳሰሳት። መሸሽ አልቻለችም፣ አልፈለገችምም።

«በልቻለሁ እማዬ» አለች።

ዝምተኛዋ ተማሪ በዚያው ሳምንት ቤት ቀየረች፤ ማንም ለምን አላላትም። ብልቃጡም ክዳኑ ሳይላወስ ባዶውን ተገኘ። ከዚያ ወዲህ መምህርቷ ከደጃችሁ ቅጠል አምጡ ማለቷን ትታ፣ ለተማሪዎቿ የብርቱካን ልጣጭ ነው የምታድለው። ናፍቆቷ ሲያይልባት ወደዚያ ቤት ትሄዳለች፤ ቀን ለይታ፣ አስቀድማ ነግራ አታውቅም። አከራይዋ ግን ሁልጊዜ ወንበር አውጥታ ትጠብቃታለች። መምህርቷ ገና ከዋናው መንገድ ሳትታጠፍ፣ ቁጥቋጦው እንዳለ ወደ በሩ ይዞራል።