የተቆለፈው ፍሪጅ

አክበረት ክፉ ነገር ከመምጣቱ በፊት ሽታው ይደርሳታል። ስልክ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከጠራ የሆነ ሰው ሞቷል፤ ልጇ ዊንታ ከአራት ኪሎ ግቢ አሥር ደቂቃ ከዘገየች መኪና ገጭቷታል። ስለዚህ ከአምስት ወር ገደማ በፊት ዊንታ፣ «እማ፣ ያንን አሮጌ ፍሪጅ ለእኔ ስጪኝ» ስትላት ልቧ ስንጥቅ አለ።

ፍሪጁ ማቀዝቀዝ ካቆመ ስድስት ዓመቱ ነው። አፍንጮ በር ባለው ቤታቸው ጓዳ ውስጥ ቆሞ፣ አይጥ እንዳይደርስበት ሽሮና በርበሬ ይቀመጥበታል።

«ለምንሽ ነው?»

«ለትምህርት ነው እማ።»

«በፍሪጅ የሚማሩት ምን ዓይነት ትምህርት ነው?»

«ባዮሎጂ» አለችና ሽሮውን ወደ ባልዲ መገልበጥ ጀመረች።

በማግስቱ ፋሩቅ የሚባል ፍሪጅ ጠጋኝ ከሠራተኛ ሰፈር መጣ። ቀጭን ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ አይሞላም፤ ፈገግታ ከፊቱ አይጠፋም፤ አክበረት ደግሞ ያለ ምክንያት ፈገግ የሚል ሰው አታምንም። ከዊንታ ጋር ጓዳ ገብተው ሲበሱና ሲገጥሙ ዋሉ። አክበረት በየሩብ ሰዓቱ የማትፈልገውን ጭልፋ ፍለጋ ብቅ ትላለች። ሞተሩ ተነቅሎ ወጥቷል፤ ወደ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ገብቷል፤ መደርደሪያው ላይ አሸዋ የተሞላ ሳፋ ተቀምጧል። እንዲያቀዝቅዝ የሚጠገን ፍሪጅ ታውቃለች፤ እንዲሞቅ የሚጠገን ግን አይታ አታውቅም።

በሦስተኛው ቀን ዊንታ አንድ ካርቶን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጇ ደግፋ ገባች። ጓዳውን ዘግታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ የፍሪጁ በር ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

«በገዛ ቤቴ ቁልፍ?»

«ሙች ስልሽ እማ፣ መጥፎ ነገር አይደለም። እስኪያልቅ ብቻ አትክፈቺው።»

«ምኑ እስኪያልቅ?»

ዊንታ ጉንጯን ሳመቻትና ሄደች።

ከዚያ ወዲህ አክበረት በፍሪጁ አጠገብ ባለፈች ቁጥር ጆሮዋን ትለጥፍበታለች። ድምፅ የለም። በበሩ ላስቲክ ስንጥቅ ግን ቢጫ ብርሃን ይታያል። ዊንታም ምሳዋን ሳትጨርስ እየተነሳች ወደ ጓዳ ትሮጣለች፤ አይታ ስትመለስ ፊቷ ፈክቶ ነው።

ጎረቤቷ እትዬ ጥሩነሽ ምክንያቱን ለመገመት አልተቸገሩም። «በአምፖል የሚያበቅሉት ቅጠል አለ አሉ። የሚጨስ።»

«የኔ ልጅ?»

«ሁሉም እናት እንዲያ ነው የምትለው። ያስ ልጅ በየረቡዑ የሚመላለሰው ለጤናው ነው? አንድ ፍሪጅ ስንት ጊዜ ይጠገናል!»

ይህ ነገር አክበረትን እህል አስጠላት። ያለቻት አንድ ልጅ ናት። ወይ ፖሊስ ይወስዳታል፣ ወይ ያ ፈገግተኛ ይወስዳታል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ መወሰን አቃታት።

አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ዊንታ ወደ ትምህርቷ እንደሄደች፣ አክበረት የወጥ ቤት ቢላዋ አነሳችና ጓጉንቸሩ የተንጠለጠለበትን ብረት የያዙትን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታች። በሩን ስትስበው ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት ሞቃት አየር ፊቷን ዳሰሰው። ከላይ ትልቅ አምፖል ይበራል። ከሥሩ ስምንት ነጫጭ እንቁላሎች እስከ ወገባቸው አሸዋ ውስጥ ተቀብረዋል። ድቡልቡል ናቸው፤ የዶሮ አይደሉም። በእያንዳንዳቸው አናት ላይ በእርሳስ መስቀል ተሠርቷል፤ ከመስቀሉ ጎን ቁጥር ተጽፏል።

«ዋይ አነ!» አለች፣ ስትደነግጥ ብቻ በሚመጣላት በእናቷ ቋንቋ።

ቅጠል ቢሆን በተሻላት። የተጻፈበት እንቁላል ምን እንደሆነ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። ልጅ ሳለች ከአንድ ቤት ደጃፍ ተቀብሮ የተገኘ አንድ እንቁላል ሰፈሩን በሙሉ ለአንድ ወር ሲያስጨንቅ አይታለች። ይህ ደግሞ ስምንት ነው፤ ተቀብሮ፣ ተቆልፎ፣ ሌት ተቀን እየሞቀ። ልጄን ያሰሩብኝ በዚህ ነው! ያ ፋሩቅም በየረቡዑ የሚመጣው ሊያድሰው ነው!

ከአልጋዋ ራስጌ የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን ጠበል አመጣች። «በስመ አብ ወወልድ» ብላ ከላይ እስከ ታች ረጨችው።

አምፖሉ ጧ ብሎ ፈነዳ።

እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን እየጎተቱ በጓሮ በር ደረሱ። የጨለመውን ፍሪጅ፣ ስብርባሪውን፣ እንቁላሎቹን አዩና አማተቡ። «ወጣ! ጠበሉ አቃጥሎት ወጣ! አክበረት፣ ሳይመለስ እናቃጥለው።»

«ከሰል አለዎት?»

«ሞልቶ!»

ከሰሉ ገና መያዝ ሲጀምር ፋሩቅ የግቢውን በር አንኳኳ። አክበረት ቢላዋውን እንደያዘች ከፈተችለት።

«ሰላም ነው ማዘር? ሽቦውን ልፈትሽ ነበር የመጣሁት፤ ቢላዋው ለእኔ ነው?»

«የየትኛው ደብተራ ሥራ ነው? ተናገር!»

«እኔ ፋሩቅ ነኝ ማዘር፣ ደብተራ ከየት አመጣለሁ?»

«እንቁላሉ ላይ የጻፈላችሁን ነው የምልህ! ልጄን ምን አድርገህባት ነው?»

ፋሩቅ ሳቁ አመለጠው። «የኤሊ እንቁላል እኮ ነው! መስቀሉን የሠራችው ራሷ ዊንታ ናት፤ ላዩ በየት በኩል እንደሆነ እንዳይጠፋት። የዶሮ እንቁላል ይገላበጣል፤ የኤሊ ከተገላበጠ ግን ውስጡ ያለው ይሞታል።»

«ኤሊ?»

«ደጃች ውቤ ሰፈር የሚፈርስ ግቢ ውስጥ ነው ያገኘቻቸው። ዶዘሩ ሊያልፍባቸው ሲል ፊቱ ቆማ፣ አፈሩን በእጇ ጭራ አወጣቻቸው። አልነገረችዎትም?»

«ዶዘር ፊት?»

በዶዘሩ በሚገባ ለመደንገጥ ግን ጊዜ አላገኘችም። ፋሩቅ ጓዳ ገብቶ ሳቁ ጠፍቷል። «መቼ ነው የፈነዳው?»

«አሁን። ሩብ ሰዓት ቢሆነው ነው።»

«በሩ ክፍት ነበር?»

«ክፍት ነበር።»

ስብርባሪውን በጣቶቹ ጫፍ እየለቀመ ራሱን ነቀነቀ። «ሊፈለፈሉ አሥራ አንድ ቀን ነው የቀራቸው። የመመረቂያ ሥራዋ ነው፤ ከቀዘቀዙ አለቀላት። እንዲህ ያለ የሚያቃጥል አምፖል ደግሞ አሁን ማንም አይሸጥም። ሠራተኛ ሰፈር ሮጬ ልፈልግ። እርስዎ የሞቀ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው ጎናቸው ያስገቡና በሩን ይዝጉ። ፍሪጅ ቅዝቃዜን እንደሚይዝ ሙቀትም ይይዛል። እንቁላሎቹን ብቻ እንዳይነኩ!»

ሮጠ። እትዬ ጥሩነሽ ከሰሉን እያራገቡ፣ «ደርሷል፣ አምጪው» አሉ።

«ውሃ ይጣዱበት።»

«ልናቃጥለው አልነበር እንዴ?»

«ውሃ ይጣዱ አልኩ እኮ! ኤሊ ነው።»

«ኤሊስ ቢሆን ሰው ቤት ምን ይሠራል?» አሉ፤ ቢሆንም ጣዱ።

አክበረት ጠርሙስ እያስገባች፣ የቀዘቀዘውን እያወጣች ከአንድ ሰዓት በላይ ተመላለሰች። በሩን በከፈተች ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች። የፈራችው ክፉ ነገር በዚህ ሁሉ ዘመን በየመንገዱ ሲጠበቅ ኖሮ፣ ዛሬ በገዛ እጇ ቤት ገባ።

ፋሩቅ አምፖሉን ይዞ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰ። ገጠመው፣ አበራው። ከዚያ ከወለሉ ላይ ብሎኖቹን ለቀመና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማዘር፣ እነዚህን መልሼ ልግጠማቸው? ዊንታ ሳታውቅ ያልፋል።»

አክበረት ብሎኖቹን ከእጁ ወሰደች። ልጇን ታውቃታለች። ባይፈለፈሉ፣ ምኑ ላይ ተሳሳትኩ እያለች ደብተሯን ስታገላብጥ ትከርማለች እንጂ ሌላ ሰው አትጠረጥርም። በዚህ እናቷን አልመሰለችም።

«ተወው» አለችው። ወዲያው ደግሞ ዓይኗን አጠበበችበት። «ለእኔ ብለህ ልጄን የምትዋሽ፣ ነገ ለእሷ ብለህ እኔን አትዋሽም?»

«ኧረ ማዘር!» ብሎ መሣሪያውን ሰበሰበ።

ዊንታ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትመጣ አክበረት በሩ ላይ ጠበቀቻት። ቦርሳዋን ሳታወርድ ሁሉንም ነገረቻት፤ ቢላዋውን፣ ጠበሉን፣ ከሰሉን ሳይቀር። ዊንታ ሮጣ ጓዳ ገባች፤ ከፈተች፤ አየች።

«ነካሻቸው?»

«አልነካሁም። ጠበል ብቻ ነው።»

«ጠበል» አለች ዊንታ፤ ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ ተቀመጠች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ እባብ ነው ብለሽ ታስጥይኝ ነበር።»

አክበረት ጎንበስ ብላ እንቁላሎቹን አየቻቸው።

«ይሞታሉ?»

«አላውቅም እማ። እስከዚያው ማወቂያ የለውም።» ድምጿ የተቀየመ ሰው ድምፅ ነው፤ ዓይኗ እናቷን አላየም። ፊቷን ልትታጠብ ወጣች።

አክበረት ዱካ ስባ ፍሪጁ ፊት ተቀመጠች። ከውስጥ የተንጠለጠለችው ትንሽ የሙቀት መለኪያ ሠላሳ ዲግሪ ታሳያለች። አክበረት አላመነቻትም። እጅጌዋን ጠቀለለችና፣ ልጇን በሕፃንነቷ ስታጥብ የገንዳውን ውሃ እንደምትለካው ክርኗን ወደ ውስጥ አስገባች። ጥቂት ቆየች።

«ዊንታ!» ብላ ተጣራች። «ያ ልጅ ያመጣው አምፖል ትክክለኛው መሆኑን በዓይንሽ አይተሻል? ነይ እስቲ፣ አንቺም ክርንሽን አስገቢ!»