በብርድ አገር ሃያ ስድስት ዲግሪ

ራይሳ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣለች፤ ነገሩ ምንም አልጣማትም። ዬፊም ከኻባሮቭስክ ከተማ በከባድ መኪናው ጭኖ ያመጣቸው አርባ በርሜሎች አምስት ቀን ሙሉ ሃያ ስድስት ዲግሪ ላይ ነበሩ ይላል ስክሪኑ። መንገዱ ደግሞ ከዜሮ በታች ሠላሳ! አምስት ዲግሪ ቢል እሺ፤ ሃያ ስድስት ምን የሚሉት ነው?

በርሜሎቹ የያዙት ባሕር መሀል ላለው የነዳጅ ማውጫ መድረክ የሚላክ፣ አረፋ ሆኖ የሚረጭ የእሳት ማጥፊያ ፈሳሽ ነው። አንዴ በረዶ ከሆነ ምንም አይረባም። መድረኩ ላይ ደግሞ ልጇ ግሌብ ይሠራል። ድሮ ቢሆን የኾልምስክ ወደብ መጋዘን ኃላፊዋ ራይሳ በርሜሉን ከፍታ ታይ ነበር። ዛሬ ጭነቱ ላይ የምትለጠፍ፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል መለኪያ ሙቀቱን በሳተላይት ትልካለች። ስክሪኑ አረንጓዴ ካለ ይጫናል፣ አለቀ። ወደ መድረኩ የምትሄደው መርከብም ከሰዓት በኋላ ትነሳለች።

«ይሄ ሰውዬ አንድ ተንኮል ሠርቷል» አለች በሆዷ፤ ምሳ ቤት ሄዳ የዓሣ ሾርባውን ፉት ሲል አገኘችው።

«ዬፊም፣ የጭነት ማሞቂያውን ናፍጣ ለማን ሸጥከው?»

«ደግሞ ጀመረሽ! ሌባ ነኝ?»

«ካልሆንክ አምስት ዲግሪ ብቻ በሚሰጥ ማሞቂያ መለኪያዋ እንዴት ሃያ ስድስት አለች?»

ዬፊም ከት ብሎ ሳቀና ከሹራቡ ሥር መለኪያዋን አወጣ። «ባትሪ በዚህ ብርድ ይሞት የለ? አንቺስ ስልክሽን ብብትሽ ውስጥ አይደል የምትይዢው? ከበርሜሉ ላጥኳትና ደረቴ ላይ አደረግኳት። አንዴም ሳትጠፋ አደረስኩልሽ። ታመሰግነኛለች ስል ሌባ ትይኛለሽ።»

የብርድ አገር ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረገው። «ማሞቂያውስ?» አለች ራይሳ።

«ተራራው ላይ ሁለት ሌሊት ጠፋብኝ። ደንግጬ መለኪያዋ የላከችውን ስልኬ ላይ ሳይ ሃያ ስድስት ይላል። እሰይ ብዬ ተኛሁ።»

እየጎተተች ወስዳ አንዱን በርሜል አስከፈተችው። በረዶ ሆኖ ከቀለጠ በኋላ፣ እንደ ተበላሸ እርጎ ውሃውና ዝቃጩ ተለያይቷል። ዬፊም ክው አለ። ራይሳ ጭነቱን አስቆመችና፣ እንኳን ጠረጠርኩ ብላ እፎይ ልትል ስትል አንድ ነገር ትዝ አላት።

«ከገና በፊት ያመጣኸውስ? ያኔ መለኪያዋን የት ነበር ያደረግሃት?»

የዬፊም እጅ ቀስ ብሎ ወደ ደረቱ ሄደ።

ያ ጭነት መድረኩ ላይ ከደረሰ ወር አልፎታል። ስክሪኑን አምና፣ አንድም በርሜል ሳትከፍት ያስጫነችው እሷው ናት። ስልኳን ከብብቷ አወጣች።

«ለአለቃሽ ነው?» አላት ዬፊም።

«ለመድረኩ ነው። ሥራ አቁሙ፣ እኔ የላክሁላችሁ አረፋ እሳት አያጠፋም ልላቸው።»

ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፤ የሚያነሳ አልነበረም።