ሁለቱ የቀሩ አምፖሎች

አምፖሉ ቦግ ብሎ ተቃጠለ። የክሊኒኩ ድሬሰር ዋጋሪ ማብሪያውን ፈጥኖ አጠፋ። በእንጨት ሳጥኑ ውስጥ፣ ያለ ወሩ የተወለደው ሕፃን ከንፈሩ ጠቁሯል።

ሳጥኑን የሠሩት ድሮ በሲሬ የነበሩ ሚሲዮናውያን ናቸው፤ የሚሞቀው በአራት አምፖል ነው። አምፖሎቹን ያበራ የነበረው የክሊኒኩ አሮጌ ሞተር ግን ተሰብሮ ቀርቷል። አሁን በከተማው ኤሌክትሪክ ያለው አዲሱ ወፍጮ ቤት ብቻ ስለሆነ፣ ዋጋሪ ዛሬ ጠዋት ከዚያ ሽቦ አስዘረጋ። አሮጌዎቹ አምፖሎች የአዲሱን ሞተር ኃይል አልቻሉም። ሁለቱ ተቃጠሉ፣ ሁለት ቀሩ። ሱቆቹ የሚሸጡት የፋኖስ ብርጭቆ እንጂ አምፖል አይደለም።

"ነቀምቴ እንውሰደው፣ ማሎ ዶክተር!" ብላ ለመነች እናቱ ድርቤ። ብዙ ደም ስለፈሰሳት ብርድ ልብስ ተደራርቦላትም ትንቀጠቀጣለች።

"በምን እንውሰደው? ጎርፉ የነቀምቴን መንገድ ቆርጦታል" አላት ዋጋሪ።

ባሏ ፉፋ ጀርባውን ሰጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ከዚህ በፊት ሁለት ጨቅላ ቀብሯል። ይህን ገና ዞር ብሎ አላየውም።

ዋጋሪ ወፍጮ ቤት ሮጠ። የሆነውን ሲነግረው፣ ተረፈ የሚባለው ሞተረኛ ከሞተሩ ድምፅ በላይ እየጮኸ መለሰለት።

"ጎን ለጎን ስላሰርካቸው ነው! አንዱን ከሌላው አስከትለህ እሰር፤ ኃይሉን ይካፈሉታል። ግን አንዱ ከጠፋ ሌላውም ይጠፋል። ናፍጣውም እስከ ማታ አያደርስህም።"

ዋጋሪ ተመልሶ ሽቦውን ፈታና እንደተባለው አሰረ። ማብሪያውን ሲጫን ዓይኑን ጨፈነ።

"በራ!" አለች ድርቤ። "ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ፣ በራ!"

ሳጥኑ ቀስ በቀስ ሞቀ። የሕፃኑ ከንፈር ቀላ፤ አንዴም የድመት የመሰለ ድምፅ አሰማ። ድርቤ አለቀሰች።

ከሰዓት በኋላ የወፍጮው ሞተር ተንገጫገጨና ጸጥ አለ። አምፖሎቹ ጠፉ።

ዋጋሪ ካፖርቱን አነሳ። "በወዲያኛው መንገድ አኖ ከተማ ሄጄ ናፍጣ እፈልጋለሁ። እስክመለስ የሰው ገላ ያስፈልገዋል። ድርቤ ራሷ በርዷታል። ኦቦ ፉፋ፣ ሸሚዝዎን ያውልቁ።"

"እኔ?" ፉፋ ወደ ኋላ አፈገፈገ። "ደረቴ ላይ ቢሞትስ?"

"እዚህ ሳጥን ውስጥ ብቻውን ይሙት?"

ፉፋ ሚስቱን አየ። ዓይኗን ከሱ አልነቀለችም። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድባል። ፉፋ በሩን ዘጋና ተመለሰ። እርጥብ ኮቱን ጣለ፣ የሸሚዙን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ፣ ከአልጋዋ ሥር መሬት ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ተደገፈ።

"አምጣው" አለ።