አማትና አማች በአንድ ክፍል

በአውስትራሊያ በረሃ ዳር ባለው ማረሚያ ቤት አዲስ የተመደበችው የሥነ ልቦና ሐኪም፣ ዶክተር ፊሊፓ፣ ታራሚው ሊንድሴ እህል አልቀምስ፣ ሰው አላናግር ብሎ ባስጨነቃት ጊዜ ከእርሷ በፊት ማንም ያላደረገውን አደረገች፤ ከገዛ መንደሩ የባህል ሐኪም አስጠራችለት። ሐሳቧ የሚመሰገን ነበር። የጎደለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ የመጣችው ሴት ለሊንድሴ ምኑ ናት?

እኔ፣ የታራሚዎቹ አስተርጓሚ፣ ስደርስ ሊንድሴ ሸሚዙን በራሱ ላይ ጥሎ ፊቱን ከግድግዳ አጣብቋል። የተጠራችው ሐኪም፣ አሮጊቷ ዶሪን፣ ደግሞ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ተሸጉጣ የሚታየው የባለአበባ ቀሚሷ ጫፍ ብቻ ነው።

«አጎቴ፣ ባሰበት!» አለችኝ ዶክተሯ በሹክሹክታ፤ በእኛ ዘንድ ሽማግሌ አጎቴ፣ አሮጊት አክስቴ ተብለው በአክብሮት እንደሚጠሩ ተምራለች። «ራሱን እንዳይጎዳ ዛሬውኑ ሌት ተቀን ወደሚጠበቅበት የመስታወት ክፍል ላዛውረው ነው። እሷንስ ምን ነካት?»

ደነገጥሁ። ሊንድሴን እስካሁን ያቆሙት አብረውት የታሰሩት ወንድሞቹ ናቸው፤ በመስታወት ተከብቦ ብቻውን ቢያድር ይሰበራል።

«አማቱ እኮ ናት!» አልኳት። «በእኛ በበረሃው ነባር ሕዝብ፣ በዋርልፒሪዎች ዘንድ አማትና አማች አይተያዩም፣ አይነጋገሩም። አክብሮት ነው። አማቱን የሚያከብር ሰው ደግሞ ልቡ ገና በቦታው አለ።»

ፊቷ ቀላ። «እኔ ደግሞ በር ዘግቼባቸው!»

«አንተ ሽማግሌ፣ ስብከቱን ተውና አውጣኝ!» አለች ዶሪን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ። «ጉልበቴ አለቀ!»

ወደ ግቢው ወስደናት ሊንድሴ ባለበት ክፍል መስኮት ሥር ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። መልእክቷን ላደርስ ስጠጋ በእጇ ገፋችኝ።

«አንተ ወሬ ትቆራርጣለህ፤ ይሄ ይሻለኛል» ብላ ጥላው ሥር ወደ ተጋደመው የዘበኞቹ ውሻ ዞረች። «ስማ፣ ቁንጫም! አንዱ ሰውዬ እህል ጠላ አሉ። ልጄ እንቅልፍ አጣች። ልጆቹም የካንጋሮ ጭራ አባታችን ካልሠራው አንበላም ይላሉ። እኔ አሳርረዋለሁ አሉ፣ ባለጌዎች!»

ሸሚዙ ቀስ በቀስ ከሊንድሴ ራስ ወረደ።

«ውሻው» አለ፣ ፊቱን ከግድግዳው ሳይመልስ፣ «ነበልባሉ ይብረድና ፍሙ ውስጥ ይቅበሩት በልልኝ። ደግሞ... ሰውዬው ስለ ጭራ ሲወራ ርቦታል በል።»

ዶክተሯ የተባባሉትን ከተረጎምሁላት በኋላ ወደ መስኮቱ ቀረበችና በፍጹም ትሕትና ውሻውን አነጋገረችው።

«ለሊንድሴ ንገርልኝ፤ ዛሬም ከወንድሞቹ ጋር ያድራል። ለአክስቴ ዶሪንም ንገርልኝ፤ ከእንግዲህ ስትመጣ ወንበሯ እዚሁ ጥላው ሥር ይሆናል።»

«ትራስ ይደረግበት በላት» አለች ዶሪን ለውሻው።