የሐምሌ ሃያ ስድስት ዶላር

ጤናዬ ሰው ማመን የሚባል ነገር አልተፈጠረባትም። እህል ወፍጮ ቤት ብትልክ ዱቄቱ ሲመለስ በክንዷ ታመዛዝነዋለች፤ ደብረ ኤልያስ ገበያ በርበሬ ስትገዛ ከጆንያው ሥር ታስቆፍራለች። በዚህ ዓለም ላይ ሳትጠረጥር የምትቀበለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ታናሽ ወንድሟ ይስማው። እናታቸው ሲሞቱ ገና ዳዴ የሚል ልጅ ነበርና በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ደብረ ማርቆስ ላይ ባጃጅ የሚነዳ ጎልማሳ ሆኖም ቤቷ ሲመጣ ማንኳኳት አያውቅም። በጓሮ በር ገብቶ መሶቡን ራሱ ከፍቶ ይበላል።

እሱንም ዶላር አስጠረጠራት።

ልጇ ወንጌላዊት ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። በ2016 ክረምት ለቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ መግዣ አንድ ሺህ ዶላር በይስማው ስም ላከች፤ እሱ ከባንክ አውጥቶ ለእናቷ እንዲያደርስላት። ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት ይስማው ብሩን ይዞ የመጣው ነሐሴ ከገባ በኋላ ነበር። ያመጣው ሃምሳ ሰባት ሺህ ብር ነው።

ነገሩ በዚያው ባለቀ ነበር። ግን ሐምሌ ሃያ ሁለት ቀን መንግሥት የዶላሩን ዋጋ ለገበያ ለቀቀውና ሬዲዮው ሌላ ወሬ ጠፋው። ሃምሳ ሰባት ብር የነበረው ዶላር በሳምንት ውስጥ ሰማንያ ገደማ ደረሰ፤ በነሐሴ መቶን አለፈ። ዶላር በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ገበሬ ሁሉ በሬውን ሲሸጥ “ዶላር ጨምሯል” ይል ጀመር። ቆርቆሮ ነጋዴውማ ከሁሉም ቀድሞ ሰምቷል። ጤናዬ ብሩን ይዛ ብትሄድ ለግማሽ ጣሪያ እንኳ አልበቃ አላት።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ለምን ዘገየ? መንገድ ተዘግቶ ነው አለ፤ አንድ ጎረቤቷ ግን በዚያው ሳምንት ማርቆስ ደርሶ ተመልሷል። የባንኩ ወረቀትስ የት አለ? ኪሴ ውስጥ ዝናብ መታው አለ። ዝናቡ ብሩን ትቶ ወረቀቱን ብቻ መረጠ? የባጃጁ ወንበር ደግሞ አዲስ ቀይ ልባስ ለብሷል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወንጌላዊት ደወለች። አሠሪዋ ስልክ የምትፈቅድላት በወር አንዴ ነው፤ ያውም ለአፍታ።

“ያንን ዶላር መቼ ነው የላክሽው?” አለቻት ጤናዬ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ።

“ጁላይ ሃያ ስድስት፣ እማዬ። አጎቴም የዚያኑ ዕለት ነው ያወጣው። ምነው፣ ጎደለ እንዴ?”

“ኧረ ምንም።” ልጅቱ በሰው አገር ሆና እንድትጨነቅ አልፈለገችም።

ስልኩ እንደተዘጋ ጎረቤቷ መምህር አበረ ዘንድ ሄደች። “ጁላይ ማለት ሐምሌ ነው” አላት፤ ተማሪዎቹንም እንዲሁ ነው የሚያስተምራቸው። ከቴሌግራም የየቀኑን ምንዛሬ አወጣላት፤ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ተጽፏል። ሐምሌ ሃያ አንድ፣ ሃምሳ ሰባት ብር። ሐምሌ ሃያ ስድስት፣ ሰማንያ ገደማ። ሃያ ምናምን ሺህ ብር ወንድሟ ጉሮሮ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ጤናዬ እዚያው ደጁ ላይ አለቀሰች፤ ያስለቀሳት ግን ብሩ አልነበረም።

የእንቁጣጣሽ ማግሥት ይስማው እንደ ልማዱ በጓሮ በር ሲገባ መሶቡ ዘንድ ሳይደርስ ያዘችው።

“ዶላሩን መቼ ነው ያወጣኸው?”

“በገብርኤል ዕለት ነዋ፣ እታለም። ከቅዳሴ ስወጣ በቀጥታ ባንክ ነው የሄድሁ።”

“ገብርኤል አሥራ ዘጠኝ ነው። ልጄ በሃያ ስድስት የላከችውን በአሥራ ዘጠኝ አወጣኸው?”

“እሷ ምን እንዳለችሽ አላውቅም። እኔ የሰጡኝን ሳልነካ አመጣሁልሽ።”

መልአኩን ምስክር መጥራቱ ይባስ አንገበገባት። “እንግዲያው የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዘህ ማልልኝ” አለችው።

“እምላለሁ” አለ ይስማው። “ግን እንደ ሌባ ከማልሁ በኋላ እህት አለኝ አልልም።”

መምሬ ገዳሙ፣ የንስሐ አባቷ፣ “መሐላ ይቅርባችሁ፣ ተነጋግራችሁ ታረቁ” ብለው ለመኗት። እምቢ አለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ቆሞ እያየ፣ ይስማው የበሩን ቀለበት ይዞ ማለ። ነጠላውን አስተካክሎ በአጠገቧ አለፈና መኪና ተሳፈረ። እሷ ግን ቤቷ ገብታም እጁ በሩን በደንብ ይዟል አልያዘም እያለች ትብሰለሰል ነበር።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ወንጌላዊት እንደገና ደወለች፤ ድምፅዋ በደስታ ይንቀጠቀጣል።

“እማዬ፣ ገብርኤል ሰማኝ! ኮንትራቴ አልቆ ልመጣ ነው። ለሐምሌው ገብርኤል ጃንጥላ አገባለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ያን ገንዘብ የላክሁ ለት፣ በዓሉን ላነግሥ ወጥቼ።”

“የምን በዓል?”

“የሐምሌ ገብርኤል ነዋ!”

“ሃያ ስድስት አላልሽኝም?”

“የፈረንጁን ነው እኮ ያልሁሽ። የእነሱ ጁላይ ከእኛ ሐምሌ በሳምንት ይቀድማል። ጁላይ ሃያ ስድስት የእኛ ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ነው።”

ጤናዬ ስልኩን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች። ዕድሜዋን ሙሉ በዓል ስትቆጥር ኖራ የገብርኤልን ዕለት በፈረንጅ ወር ለውጣ ወንድሟን አስማለች። ዶላሩ የዘለለው እሱ ብሩን ካወጣ በሦስተኛው ቀን ነው። ቆርቆሮም ጣሪያም በአፍንጫዬ ይውጣ አለች፤ ቤቱ ቢያፈስባትስ ምን ነበረበት?

በማግሥቱ ማርቆስ ገባች። የይስማውን በር አንኳኩታ ገና ሲከፍተው እግሩ ላይ ወደቀች፤ እያለቀሰች ሁሉንም ነገረችው። በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ አነሣት። አልተቆጣም። ቢሰድባት በወደደች።

“ምንም አይደለም። አልፏል” አለ። “ይግቡ።”

ማንን ነው የሚለው ብላ ወደ ኋላዋ ዞራ አየች። ማንም አልነበረም። ይስማው የእንግዳውን ወንበር አምጥቶ በነጠላው ጫፍ ጠረገላትና ራሱ ቆሞ ቀረ።

“ይቀመጡ” አላት፤ “መንገድ አድክሞዎታል።”