ያልተነካችው ሰባት ቁጥር

የኮምፒውተር ተኩስ ጨዋታ ሊጉ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ታሪኩ በፊልም እንዲሠራ ተወሰነ። ፊልም ሠሪዋ መጀመሪያ የሄደችው ተጫዋቾቹ ጋ ሳይሆን ስክሪን ክፍሉ ውስጥ ወደሚሠራው፣ ከሁለት ወንድማማቾች ታላቅየው ወደሆነው ሰው ነበር፤ ነገሩ የገባት ሴት ናት። የሚጫወቱት አሥር ሰዎች ናቸው፤ ሕዝቡ ግን ጨዋታውን የሚያየው በአንዳቸው ዓይን ብቻ ነው። በማን ዓይን እንደሚያይ የሚወስነው ደግሞ ኪቦርዱ ላይ የተጫዋቹን ቁጥር የሚነካው ሰው ነው። ያ ሰው ታላቅየው ነው።

«የአምስተኛውን ዓመት ፍጻሜ እፈልጋለሁ» አለችው። «ወንድምህ ብቻውን ቀርቶ አራቱን የጣለበትን፣ በራሱ ዓይን።»

«እስኪ ልፈልገው» አላት። እንደሌለ ግን ያውቃል።

«እስከ ነገ ካልተገኘ ምዕራፉን ለተሸናፊዎቹ አምበል እሰጠዋለሁ። የሱ ምስል ሞልቷል።»

ታላቅየው ያዘነ መሰለ፤ ሆዱ ግን እሰይ አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ቅናት የያዘው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ይብሳል፤ ክፉ ሰው እንኳ አንዳንዴ ያርፋል።

ሊጉ ሲጀመር አዳራሹ ከቤት ዕቃ መሸጫ ጀርባ ያለ መጋዘን ነበር። ተመልካቹ ያልተሸጠ ሶፋ ላይ ከነላስቲኩ ይቀመጣል፤ አንዱ ማሞቂያ የሰካ እንደሆነ ኮምፒውተሩ ሁሉ ድርግም ይላል። ያኔ ኮከቡ ታላቅየው ነበር። በሦስተኛው ዓመት አሠልጣኙ ጠርቶ «እጅህ ዘግይቷል» አለው። በዚህ ጨዋታ ሃያ ስድስት የሞላው ሰው ጡረተኛ ነው። ይህንንስ ይችለው ነበር፤ ወንበሩ ላይ ያስቀመጡት ግን ታናሽ ወንድሙን ሆነ። ባዕድ ቢሆን ጠልቶት ይገላገል ነበር። ወንድምን እንዴት አድርገው ይጠሉታል? በየምሳው ፊት ለፊት ተቀምጦ ጨው አቀብለኝ ይላል።

ሊጉ ከመጋዘን ወደ ሲኒማ ቤት፣ ከሲኒማ ቤት ወደ ስታዲየም ሲያድግ ለታላቅየው የስክሪኑን ሥራ ሰጡት። የታናሽየው ቁጥር ሰባት ነበረች። የሌሎቹ ቁጥሮች ቀለም ከመነካት ብዛት ሲለቅ ሰባት ብቻዋን ከሱቅ እንደወጣች ቀረች። እናታቸው ጨዋታውን በቴሌቪዥን እያየች ትደውላለች።

«ታናሽህ ዛሬ አልተጫወተም እንዴ?»

«ተጫውቷል እማዬ። የሱ ስልት መደበቅ ነው።»

«ከእናቱም?»

በዚያ በአምስተኛው ዓመት ፍጻሜ ታናሽየው ብቻውን ሲቀር፣ ታላቅየው ከአራቱ ተጋጣሚዎች የአንዱን ቁጥር ነካ፤ ይሄኛው ይጥልልኛል ብሎ። ሰውየው ወደቀ። የሌላውን ነካ፤ ያም ወደቀ። ሦስተኛውም አራተኛውም እንደዚሁ። ስታዲየሙ በጭብጨባ ሲናወጥ እሱ ሆዱ እያረረ ጥርሱ ይስቅ ነበር። ጨዋታው ከታደሰ ወዲህ ኮምፒውተሩ ያስቀመጠው የድሮ ቅጂ አይከፈትም፤ የቀረው ያን ቀን ሕዝቡ ያየው ብቻ ነው።

ፊልም ሠሪዋ ስትወጣ፣ ከባለ ሶፋው ነጋዴ ቤት በቅርቡ የተገኘውን የመጀመሪያውን ዓመት ቪዲዮ ከፈተ። ለሥራ ነው ይበል እንጂ የከፈተው ራሱን ለማየት ነው። አየም። ጨዋታው ከዳር እስከ ዳር በእሱ ዓይን ነው። ሌሎቹ ሲታኮሱ፣ እሱ ከሣጥን ኋላ ተደብቆ ምንም ሳያደርግ ሲጠብቅ እንኳ ምስሉ ከሱ ንቅንቅ አይልም። «ኧረ ሌሎቹንም አሳየን» የሚል የተመልካች ድምፅ ይሰማል። ያን ዓመት ስክሪኑን ማን ይቆጣጠር እንደነበረ ትዝ አለው። ታናሽየው ክንዱ ተሰብሮ በጄሶ ታስሮ ስለነበር፣ ከመጫወት ቀርቶ በአንድ እጁ ቁጥር ይነካ ነበር።

ታላቅየው ምስሉን ሳያጠፋ በሩ ተከፈተና ታናሽየው ራሱ ገባ። ስክሪኑን አይቶ ሳቀ።

«ያን ቀን እኮ ሊደበድቡኝ ነበር።»

«ሌላውንም ብታሳያቸው ምናለበት?»

«ወንድሜ እየተጫወተ ማንን ላሳይ?»

ታላቅየው ምስሉን አቆመ። «ፊልም ሠሪዋ የጠየቀችው ያንተ ፍጻሜ የለም» አለ። «እኔ ነኝ ያላሳየሁህ። ቀንቼ ነው።»

ታናሽየው ኪቦርዱን ሳብ አድርጎ ሰባትን በአውራ ጣቱ ዳበሳት። «ለማያውቁሽ ታጠኚ አሉ። ይቺን ስንት ዓመት ሳያት ኖርኩ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ወንበርህን ወስጄብህ ምን ልበል? ብቻ አንዳንዴ ንካት፤ አትናከስም።»

ታላቅየው የፍጻሜውን ምስል ከአራቱ ወዳቂዎች ዓይን ቀጣጥሎ ለፊልም ሠሪዋ ሰጣት። በአራቱም ታናሽየው ከፊት ለፊት ይመጣል፤ በአራቱም ማምለጫ የለም። «ከጠየቅኩህ ይበልጣል» አለች። ምዕራፉ የታናሽየው ሆነ። ፊልሙ የታየ ቀን ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ታላቅየውም አጨበጨበ፤ ያቺ የለመዳት ነገር ግን አብራው ተቀምጣ ነበር። ቅናት እንዲህ በቀላሉ ቤት አይለቅም።

በአዲሱ የውድድር ዓመት የመክፈቻ ጨዋታ ሰባትን ነካ። ሕዝቡ ጮኸ። ታላቅየው ከስንት ዘመን በኋላ በወንድሙ ዓይን ገብቶ አየ። የማነጣጠሪያው ምልክት በየጥጉ ይንቀጠቀጣል። ሌላ ሰው አያስተውለውም። እሱ ግን ያቺን መንቀጥቀጥ ያውቃታል፤ ከወንበሩ ከመነሳቱ በፊት በገዛ እጁ ላይ የነበረችው ናት። ታናሽየውም ዘንድሮ ሃያ ስድስት ሞልቶታል።

ያኔ «እጅህ ዘግይቷል» ያለው አሠልጣኝ መድረኩ ጥግ ቆሞ ትልቁን ስክሪን ያያል። የታላቅየው ጣት ቸኩላ ሦስትን ነካች፤ እስከ ጨዋታው ማብቂያም ወደ ሰባት አልተመለሰችም።

ዕቃውን ሲሰበስብ ስልኩ ጮኸ። «ዛሬም ልጄን ነፈግኸኝ» አለች እናቱ።

«አዎ እማዬ» አላት። «ነፈግኩሽ።»