የጎፈሬ ቋጠሮ

ሸዋረጋ ከደባርቅ ቁልቁል ባለችው ድብ ባሕር ከተማ፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለች ክፍሏ ሹሩባ ትሠራለች። ከገጠር የመጣች ሴት ወር ሙሉ ሚዶ ያልነካው ራስ ይዛ ብትቀርብ አትደነግጥም፤ ቅቤ ታስነካዋለች፣ የሴትዮዋን ራስ በጉልበቶቿ መሀል ጠበቅ ታደርጋለች፣ ከዚያ ከጫፉ ጀምራ ትፈታዋለች። እምቢ ያላት ጠጉር አልነበረም። የገዛ ድመቷ ግን እምቢ አለቻት።

ድመቷ ጎፈሬ ትባላለች፤ ስሙን ያወጣላት ጠጉሯ ነው። አርግዛለች። ባለፈው የወለደቻቸው ሲንጫጩ ውለው፣ ሲንጫጩ አድረው፣ አንድ ሳይቀር አልቀዋል። ያኔ የሸዋረጋ ባል አባት አያ ታከለ «ቡዳ በላቸው» አሉ፤ ቤተሰቡም አመነ።

ሰሞኑን ጎፈሬ ፀሐይ ላይ ተንጋላ ስትተኛ ሸዋረጋ ሆዷን አየች። ጠጉሩ ተጠላልፎ እንደ ባና ደድሯል፤ ጡቶቿ ከሥሩ ተቀብረዋል። ለካ እነዚያ ምስኪኖች የሞቱት ወተት ላይ ተኝተው በርሃብ ኖሯል።

«ዘንድሮስ አይደገምም» አለች ለራሷ።

የምታውቀውን አደረገች። ጎፈሬን በጉልበቶቿ መሀል አጥብቃ ያዘችና ሆዷን ቅቤ ለቀለቀችው። ድመቷ የሸዋረጋን ሁለቱንም እጆች ቧጥጣ አመለጠች፤ በቀጥታ የገብስ እብቅ ክምር ውስጥ ገብታ ተንከባለለች። ስትወጣ እብቁ ከቅቤው ጋር ተጋግሮ ቋጠሮው ሁሉ ከፊተኛው ብሶ ነበር።

አያ ታከለ ከመደባቸው ላይ ሆነው አይዋት። «ልጄ፣ ቤት ልትመርጊባት ነው እንዴ?»

«ይሳቁ አያ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አይጥ ገብሴን ይፈጃል፣ እሷ እንደ ሙሽራ ቅቤ ትቀባለች! በጆንያ አድርገን ወደ ደባርቅ በሚወጣ ማኪና እንሸኛት። እኔ ሌላ ሸጋ ድመት አመጣለሁ።»

«እርጉዝ ናትኮ!»

«ምነው፣ እርጉዝ በማኪና አይሄድም?»

 ሸዋረጋ፣ ጎፈሬ እንቅልፍ ሲጥላት ጠብቃ፣ በመቀስ ሞከረች። ቋጠሮውን ሳብ ስታደርገው ግን ስሱ ቆዳም አብሮ ተነሣ፤ ትንሽ ቢቀር ሥጋዋን ቆርጣ ነበር። መቀሱን አስቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ድመቷ የሸዋረጋን ድምፅ ስትሰማ ትሸሽ ጀመር።

አንድ ጠዋት አያ ታከለ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ጋቢያቸውን እንደለበሱ ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጎፈሬ ዘላ ጭናቸው ላይ ወጣች። «ሂጂ ወዲያ!» አሏት፤ እጃቸው ግን አልገፋትም። እሷም ጋቢው ላይ ተጋድማ ዓይኗን ጨፈነች። ሸዋረጋ ከበሩ ላይ ቆማ አየች። ለካ ድመቷ የምትጠላው መያዙን ነው።

«አያ፣ እንዳይነሡብኝ!»

«ምነው? የድመት በርጩማ ልታደርጊኝ ነው?»

ተንበርክካ ጣታቸውን ያዘችና ወደ ጎፈሬ ሆድ ወሰደችው። «ይዳስሱት እስኪ። ቡዳ አልነበረም፤ ይሄ ነው።»

ጣታቸው እዚያው ቆየ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በግ ያረቡ ሰው ናቸው። «የምትወልድ በግ ስትሆን ጡቷ ዙሪያ ያለውን ጠጉር እቆርጥላታለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ግልገሉ እንዲያገኘው። ድመት ግን... ማን አስቦ!» ወደ ኋላ ተደገፉ። «ቶሎ በይ እንግዲህ።»

«ቶሎ አይሆንም።»

ቅቤ የለም፤ መያዝም የለም። ሚዶውን በቆዳውና በቋጠሮው መሀል አሾልካ አስገባች፤ ቆዳውን እንዲከልልላት። ቋጠሮውን ሹሩባ በምትከፍልበት ወስፌ ሰነጠቀችው፤ ከሚዶው በላይ ያለውን በመቀስ ቆረጠች። ጎፈሬ ጅራቷን ስትወዘውዝ ሸዋረጋ እጇን አነሣች። ለዚያ ቀን በቃት።

በማግሥቱም፣ ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ሹሩባ ፈልጋ የመጣች ሴት በር ላይ ስትቆም «ቆይኝ እቴ፣ ሰው ይዣለሁ» ትላታለች። አንድ ቀን ጎፈሬ አውራ ጣቷን ነከሰቻት፤ ደሙ ጋቢው ላይ ተንጠባጠበ።

«ተያት በቃ! ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» አሉ አያ ታከለ።

ሸዋረጋ ቁስሉን በሳሙና አጥባ፣ በጨርቅ አስራ ተመለሰችና ተንበረከከች። አያ ታከለ እግራቸው ደንዝዟል። ጎንበስ ብለው ለድመቷ «እኔ ችዬዋለሁ፤ አንቺም ቻይው» አሏት።

ሆዷ ሊጠራ ጥቂት ሲቀረው ጎፈሬ አንድ ቀን ሳትታይ ዋለች። ሸዋረጋ ደንበኛ እያበጠረች ሳለ ከጓሮ የአያ ታከለ ጩኸት ተሰማ። «ሸዋረጋ! ነይማ! ጋቢዬን ወረሰችኝ!»

ሮጠች። ጓሮ ካለው መደባቸው አጠገብ ስትደርስ ያለፈው ጊዜ ጫጫታ ትዝ አላት፤ አሁን ግን ምንም ድምፅ የለም።  ጋቢውን ገለጥ አደረገችው።

ልጆቹ ተደርድረው፣ በተላጨው ሆድ ላይ ተለጥፈው ይጠባሉ። ዝም ያሉት አፋቸው ሞልቶ ነው።

ሸዋረጋ ሚዶዋን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከደባርቅ በኩል የሚወርደው ብርድ አያ ታከለን አንዘፈዘፋቸው፤ ነጠላዋን አውልቃ ሰጠቻቸው።

«የሴት ነጠላ! ሰው ምን ይለኛል?»

«እንግዲያስ ጋቢዎን ይውሰዱባታ።»

አያ ታከለ ድመቷን አዩ። «ጀርባዋም ላይ ቋጠሮ አለኮ» አሉ።

«ልጆቹ ጡት ሲጥሉ እንፈታዋለን። ያኔም ይቀመጡልኛል።»

«እስኪ እናያለን» አሉ አያ ታከለ፣ ነጠላውን እየተከናነቡ።